በጋሽ እንድሪስ ቮልስ ወደ አሰብ

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር ለዘመድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽሮቹን ይዞ የሚመጣው እንደ ዘመኑ ረጅምና ጥቁር መኪና ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ አበባ ተለጥፎባት ብቅ ያለችው አሮጌ ቮልስ ሆነች። ወጣቶቹ ከብበው ፎቶግራፍ ይነሱባት ጀመር። እኔን የያዘኝ ድምፅዋ ነው፤ ያ ከኋላዋ የሚወጣ፣ ክዳኑን እያነሳ እንደሚጥል ድስት ያለ ድምፅ። በረጅሙ ቀሚሴ ሥር ግራ እግሬ ሳላዝዘው ፍሪሲዮን ሊረግጥ ተዘረጋ። የልጅ ልጄ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ፣ በአንቺ ዕድሜ አሰብ ድረስ ልነዳት ነበር አልኳት። አላመነችኝም። እውነቷን ነው፤ ያኔም ያመነኝ ሰው ጥቂት ነበር።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ አባቴ ከብት አርቢና ገበሬ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከውኃ ጋር የሚሟገት የፎገራ ሰው ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ወረታ ስልክ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ፣ ገመድ እየነቀልኩ ገመድ እየሰካሁ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው። የተከራየሁት ክፍል ደግሞ በጋሽ እንድሪስ ግቢ ውስጥ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሴት ልጆቻቸውን ድረው ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል። ከሱቁ ጀርባ፣ በሸራ ሥር፣ ጎንደር ከነበረ ጣሊያን መካኒክ የገዟት ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለች ቮልስ ነበረቻቸው። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ብዙም አትወጣም፤ ግን አርብ አርብ ከሶላት መልስ ሸራዋን ይገፍፉና ሞተሯን ያስነሡ ነበር። "እንዳትረሳኝ ነው" ይሉ ነበር።

ያን ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ጨርቅ ሲለኩ የክንዳቸውን ልክ ሁለት ጊዜ እንደሳቱ እትዬ ዘይነባ አየች። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ኖሯል። ከቅርብ ያለ ነገር እንደምንም ይታያቸዋል፤ ራቅ ያለው ሁሉ ጉም ነው። ይህን ያህል ጊዜ ደብቀውት ነበር። ነገሩ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ አሰብ ወደብ ላይ የሚሠራውን ታናሽ ወንድማቸውን ሰይድን ካዩት ሃያ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ። ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ፊቱን ግን ረስተውታል።

"ቻይኖቹ ከዚህ ከወረታ ተነሥተው ወልዲያ ድረስ መንገድ አውጥተዋል" አሉኝ። "ከወልዲያ አሰብ የወረደ ሰው ብዙ ነው። የቀረኝ የሚነዳልኝ ሰው ነው።"

ሳላስበው "እኔ እነዳለሁ" አልኩ። መኪና ነክቼ አላውቅም ነበር።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ሳስብ ዛሬም ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። በትምህርት ቤት የሚታደል የኢትዮጵያ ካርታ ነበረችኝ፤ እሷን የእትዬ ዘይነባ መከዳ ላይ ዘርግተን መንገዱን በቀይ እርሳስ አሰመርን። ደብረ ታቦር፣ ጋሳይ፣ ንፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ፣ ጋሸና፣ ወልዲያ። ከዚያ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቁልቁል፣ ከዚያ በረሃው፣ ከበረሃው ማዶ ባሕሩ። በጣቴ ስሄድበት አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር።

ካርታው ያልነገረንን ሰው ጠየቅን። ከሥራዬ ጥቅም አንዱ በየከተማው የማላያቸው ጓደኞች ማፍራቴ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን የደብረ ታቦሩን ልጅ እጠራና ጉና ላይ በዚህ ወር ጉሙ ስንት ሰዓት እንደሚገፈፍ እጠይቀዋለሁ። ወልዲያ የምትሠራው አስካለ፣ መልኳን አይቼው የማላውቅ፣ ድምፅዋ ግን ሁሌም የሳቀ የሚመስል ልጅ፣ ከጋሸና በኋላ ያለውን ቁልቁለት በየጠመዝማዛው ታስረዳኝ ጀመር። ከጭነት መኪና ነጂዎች እየጠየቀች ትነግረኛለች። የት ውኃ እንደሚገኝ፣ የት ፍሬን ማቀዝቀዝ እንደሚያስፈልግ፣ የት ድንጋይ እንደሚንከባለል። እኔም በወረቀት እየጻፍኩ ማታ ለጋሽ እንድሪስ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል፤ አንዳንዱን ድገሚልኝ ይላሉ።

መንዳት የተማርኩት ማለዳ ማለዳ፣ ከሥራ በፊት፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ውኃው ከሸሸ በኋላ ያ መሬት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከዳር እስከ ዳር ዛፍ የለም፣ ጉብታ የለም፣ ያለው ከብትና ሰማይ ነው። ለጀማሪ ነጂ ከዚያ የተሻለ ቦታ እግዜር አልፈጠረም። ጋሽ እንድሪስ ከጎኔ ተቀምጠው ሞተሩን በጆሯቸው እየሰሙ ያስተምሩኛል። ማርሽ መለወጥ ሲኖርብኝ "አሁን ለመነችሽ" ይላሉ። ዓይናቸው ስላልሠራ ይሆናል፣ እንደሳቸው መኪና የሚያዳምጥ ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ቮልሷ እንደ ፍየል ግልገል ስትዘልብኝ ከረመች። በሁለተኛው ሳምንት የከብት መንጋ መሐል ገብቼ ቆምኩ። የፎገራ ላም ጡሩምባ አትፈራም፤ አንዷ መጥታ መስተዋቱን ላሰችው።

ወሬው ቁሐር ሚካኤል ደረሰ። የገበሬው ልጅ ከእስላሙ ነጋዴ ጋር በመኪና ሜዳ ለሜዳ ትዞራለች ተባለ። አባቴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዱላውን ይዞ መጣ። ሲመጣ ከሩቅ ለየሁትና ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሽ እንድሪስ ወርደው ሰላምታ ሰጡት፤ ሁለቱም ጎንበስ ጎንበስ ተባባሉ። አባቴ መኪናዋን ዞራት፤ ከዚያ ፊቷን ከፍቼ እንዳሳየው አዘዘኝ። ከፈትኩለት። ከስኮርታ ጎማና ከቤንዚን ጋን በቀር ምንም የለም።

"ባዶ ነው" አለ አባቴ።

"ሞተሯ ከኋላ ነው" አሉት ጋሽ እንድሪስ።

አባቴ ወደ ኋላዋ ዞሮ አይቶ "እኛስ በሬውን የምንጠምደው ከፊት ነው" አለ። ጋሽ እንድሪስ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ጉዳዩን ጠየቃቸውና ስለ ወንድማቸው ነገሩት። አባቴ ዱላውን ተደግፎ ሰማ። መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር ገብቶ ተቀመጠ፤ ዱላው አልገባ ብሎ በመስኮት ወጣ። ይፋግ ገበያ ድረስ ወስጄ መለስኩት። ሲወርድ "በሬ ጠምዳ ታርስ የነበረችው እናቴ ናት፤ ሰው ስቆባታል። ጎተራችን ግን ጎድሎ አያውቅም ነበር" ብሎኝ ሄደ። ፈቃዱ ይህ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ሄጄ የመንጃ ፈቃዱን ፈተና አለፍኩ። የዓመት ፈቃዴን ጠየቅኩ። እትዬ ዘይነባ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። የእስላም ሥጋ እንዳያስቸግረኝ ብላ ሥጋ የሚባል አላሰበችም፤ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቅቤ የታሸ በሶ፣ ደግሞም የደረቀ የጣና ዓሣ። ዓሣ ማንም ባርኮ አያርደውም፤ ስለዚህ ለሁላችንም ይሆናል አለች። አባቴ በፊናው አዲስ የዘራውን ሩዝ ግማሽ ቁና ላከ። ያን ጊዜ ሩዝ ለፎገራ እንግዳ ነበር፤ ምን እንደሚሠራበት ገና ስንማር ነው።

የቀረው የይለፍ ወረቀት ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ካገሩ ርቆ ሲሄድ ወረቀት ይይዛል። ጋሽ እንድሪስ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በአራተኛው እኔ አብሬያቸው ሄድኩ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ሰጠን፤ ግን ወልዲያ ድረስ ነበር የሚለው። አሰብ ወደብ ስለሆነ ፈቃዱ የሚመጣው ከበላይ ነው፣ እሱም ወራት ይፈጃል አለን። ወራት ማለት ክረምት ነው፤ ከክረምት በኋላ ደግሞ የጋሽ እንድሪስ ዓይን እንደማይቆየን እኛም እትዬ ዘይነባም እናውቃለን።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ እንድሪስ ሸራውን ራሳቸው አምጥተው በዳበሳ ቮልሷ ላይ ዘረጉት። "አላህ ያለው ነው" አሉ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ካርታዋን ዘረጋሁ። ቀዩ መስመር ወልዲያ ላይ ሲደርስ እጄን አቆምኩ። ከዚያ ሌላውን ጣቴን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከአሰብ አስነሥቼ ወደ ላይ አመጣሁት። ሁለቱ ጣቶቼ ወልዲያ ላይ ተገናኙ።

በማግስቱ ሐሳቤን ለጋሽ እንድሪስ ነገርኳቸውና ለአሰብ ስልክ ቤት የቀጠሮ መልእክት አስተላለፍኩ፤ ወደብ የሚሠራው ሰይድ ሐሙስ አራት ሰዓት ስልኩ ዘንድ ይገኝ ብዬ። ሐሙስ ጋሽ እንድሪስ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መስመሩ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ፣ በደሴ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሲገናኝ ድምፁ ከገደል ማዶ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። ጋሽ እንድሪስ "ሰይድ" ብለው ጮኹ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ ወዲያው የሰይድ ድምፅ ጠፋ። ደሴ ስልክ ቤት ያለችው ልጅ ግን እኔንም አሰብንም ትሰማለች። ስለዚህ ተከፋፈልነው። እሳቸው ለእኔ፣ እኔ ለደሴዋ፣ እሷ ለሰይድ።

"ወልዲያ ድረስ እመጣለሁ በይው" አሉኝ። "እሱም ወልዲያ ድረስ ይውጣልኝ። ዓይኔ ሳይጠፋ።"

ለደሴዋ ልጅ ነገርኳት። "ዓይናቸው ሳይጠፋ" ስላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትደግመው ሰማሁ። ጠበቅን። ጋሽ እንድሪስ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የደሴዋ ተመለሰች።

"ጨው ጭነው ወደ ላይ የሚወጡ መኪኖች አሉ፣ በአንዱ እመጣለሁ ይላል። ወልዲያ የት እንገናኝ ይላል።"

"ስልክ ቤት" አልኩ። "አስካለ ጋ።"

ግንቦት ውስጥ፣ ሰኞ ማለዳ፣ እኔ፣ ጋሽ እንድሪስና እትዬ ዘይነባ ተነሣን። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ፎገራ ከኋላችን ቀረ፤ ከጣና በኩል ውኃው ብልጭ ይል ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከጎኔ ሆነው የማየውን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እኔም መሪውን እንደያዝኩ ነገርኳቸው። ጉና ላይ ጉም ከመንገድ በታች እንደተኛ፣ ጋይንት ላይ ሰው ሁሉ ከብርዱ የተነሣ በበርኖስ እንደተጠቀለለ፣ ንፋስ መውጫ አድረን በማግስቱ ጨጨሆ ላይ ደግሞ ምድሩ ድንገት ተከፍቶ ገደል እንደሆነ። ከዚያ በዋድላ ስናልፍ የበልግ ገብሱ ለምልሞ ነበር፤ ያን አረንጓዴ የምነግርበት ቃል አጥቼ፣ አዲስ ሐር ሲዘረጋ እንደሚመስለው ነው አልኳቸው። ለጨርቅ ነጋዴ ይበቃል። ከጋሸና በኋላ አስካለ የነገረችኝ ጠመዝማዛ ሁሉ፣ አንዱ ሳይቀር፣ እንደነገረችኝ ሆኖ አገኘሁት።

ሰይድ ከእኛ አንድ ቀን ቀድሞ ደርሶ ስልክ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ፀሐይ ያከሰለው፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ጋሽ እንድሪስ ከመኪናው ወርደው ቆሙ፤ ወዴት እንደሚሄዱ አላወቁም። እሱ መጣ። ፊቱን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

"ሸብተሃል" አሉ።

"አንተም" አለ።

አምስት ቀን አብረው ሰነበቱ። የአባቴን ሩዝ እትዬ ዘይነባ ብታበላሸው፣ ሰይድ ድስቱን ተቀብሎ እንዴት እንደሚቀቀል አስተማራት፤ አሰብ ውስጥ የዕለት ምግቡ ኖሯል። እኔና አስካለ መልክ ለመልክ ተያየን፤ ያሰብኳት ወፍራም ነበረች፣ ያገኘኋት ግን እንደ መቃ የቀጠነች ናት።

የጋሽ እንድሪስ ዓይን በዚያው ክረምት ፈጽሞ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው የወልዲያን መንገድ ለገበያተኛው ሲተርኩ እሰማ ነበር፤ ጉሙን፣ ጨጨሆን፣ ሐር የመሰለውን ገብስ፣ በዓይናቸው እንዳዩት አድርገው። አርሜያቸው አላውቅም።

አሰብን እስከ ዛሬ አላየሁም። ኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ወደቡም የሌላ አገር ሆነ። እኔም ትዳር ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ፣ በአውሮፕላንም ሳይቀር ብዙ ቦታ ሄድኩ። ያን ያህል ለፍተን ካሰብንበት ሳንደርስ ቀረን ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን አዝኜበት አላውቅም። እነዚያን ወራት በየማለዳው ስነቃ፣ ሜዳው ላይ እስከምወጣ ሳልቸኩል ተኝቼ፣ ከሚሌ ማዶ ያለውን በረሃ በሐሳቤ ስንዝር በስንዝር እሻገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የሄድኩበት አገር ሁሉ ደርሼ ያየሁት ነው፤ እንደ አሰብ ግን ሳልነሣ የደረስኩበት አገር የለም።