የመስታወቱ ጉም

ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ያለው ሰው የሚፈራው አቧራ እንጂ ውሃ አይደለም። አባቴ የሞተ ጊዜ አርባው እስኪያልፍ አሮጌ መኪናውን ማንም እንዳይነዳት ተባለ። እኔም መስኮቶቿን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ አሰርኳት። በመሃል ዝናብ ጣለ፤ በላስቲኩ ስር ሰርጎ የገባው ውሃም መውጫ አጣ።

ከተዝካሩ በኋላ ስፈታት እርጥብ ጆንያ ጆንያ ሸተተች። ወንበሩ ሻግቷል፤ ምንጣፉ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል። የአባቴ የድሮ መካኒክ ከመጋላ መጥቶ ላስቲኩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ፣ አንተ ነህ ያፈንካት። መስኮቷን ትንሽ ከፈት ብታደርግላት ምን ነበረበት?»

በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው መካሪ ሆኖብኝ ነበር።

ምንጣፉን አውጥተን አጥሩ ላይ አሰጣነው። ከዚያ ሞተር ላስነሳ ገብቼ በሩን ስዘጋ መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለበሰ። በሾፌሩ መስኮት ላይ የእጅ አሻራ ብቅ አለ። ሌባ ጣቱ አጭር ነው። አባቴ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ሲሠራ ጫፉ ተቆርጦበት ነበር።

መካኒኩ በበሩ በኩል ሳሙና የነካ ጨርቅ አቀበለኝ። «በዚህ ጥረገው፤ ሁለተኛ ጉም አይይዘውም።»

ጠረግኩት። ጥግ እንኳ አላስቀረሁም። ምንም አልተሰማኝም።

መካኒኩ ዕቃውን ሊሰበስብ ዞር ሲል ተጠግቼ ተነፈስኩበት። ደግሜም ተነፈስኩበት። መስታወቱ ጥርት እንዳለ ቀረ።