በማጥመጃ ክር የመለስኩት አውሮፕላን

ኮሎምበስ ውስጥ መኪናው አልነሳ ያለው፣ ምድር ቤቱ ውኃ የሞላበት፣ ማሞቂያው በክረምት መካከል የጠፋበት ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንም ግን እውነት ነው። ወርቁ እባላለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ የክፍል ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። የማውቀውን ሁሉ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ነክቼ፣ አበላሽቼና መልሼ ሠርቼ ያወቅሁት ነው። መምህርህ ማን ነው ብትሉኝ መስታወት አሳያችኋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሞርስ ሮድ ላይ ካለ አንድ ምግብ ቤት ከትራክ ሾፌሮች ጋር ክትፎ ስንበላ፣ አንዱ ስልኩን አወጣና ሐይቅ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን አሳየን።

"ፌክ ነው፤ በኤአይ የተሠራ ነው" አለ ሌላው። "አውሮፕላን ውኃ ላይ ምን ይሠራል?"

"ልጄ፣ እኔ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን በዓሣ ማጥመጃ ክር ጎትቻለሁ" አልኩት።

በሳቃቸው አይቡ ሊደፋ ምንም አልቀረው። "ጋሽ ወርቁ፣ ዛሬስ አበዙት!" አሉኝ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ብጠብቅ ክትፎው ሊበርድ ሆነ። በአፍ የነገሩት ነገር በሳቅ ይጠፋል፤ የጻፉት ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። በሱዳን በኩል መጥቼ ታላቅ እኅቴ ስንዱና ባሏ ጋሽ ተፈራ ቤት ተጠግቼ እኖር ነበር። ሞርስ ሮድ እንደ ዛሬው በእኛ ሰው ሱቅ አልተሞላም፤ ጥሩ በርበሬ ያለው ሰው ዘመድ የሚበዛለት ዘመን ነበር። ቀን ሆቴል ሳህን አጥባለሁ። ከሥራ ስወጣ ፍራንክሊንተን ሄጄ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተር ሲፈታ ቆሜ አያለሁ። ዓይኔ ከእጁ እንደማይለይ ያየው ሽማግሌ "ሰመር ሲገባ ና፣ አብረን እንሥራ" ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ተፈራ ግን ሌላ አሰበልኝ። ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ ያለ አስተማሪ የተገኘ ዕውቀት ያለ አባት እንደተወለደ ልጅ ነው ብሎ ያምናል። የሒሳብ ሥራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መረጠልኝና "ወይ በሚመጣው ማክሰኞ ትጀምራለህ፣ ወይ ቤቴን ትለቃለህ" አለኝ። ነገሩ ልትጠይቀን ከደሴ መጥታ ወደነበረችው እናቴ ዘንድ ደረሰ። በቤታችን የእሷ ቃል የመጨረሻ ነው። ግራና ቀኙን ሰማችና "ሽርሽሩ ይለፍና እናገራለሁ" ብላ ዘጋችው።

ሽርሽሩን ያሰበው ጋሽ ተፈራ ነው፤ ይህን አልክደውም። የሥራ ባልደረባው ሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ መኪና የማይደርስበት ሐይቅ እንዳለ፣ አውሮፕላን ጠዋት ወስዶ ማታ እንደሚመልስ ነግሮታል። እኔም ለዓሣ እንግዳ አልነበርኩም፤ ማለቴ በንባብ። ከላይብረሪ ሥዕል ያለው የማጥመድ መጽሐፍ ተውሼ መዝገበ ቃላት ይዤ ጨርሼዋለሁ። እንግሊዝኛዬን ግማሹን የተማርኩት ከዓሣ ነው። ከዚያ ከምንኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆሜ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ለክብደት የብሎን ዳዶ አስሬ፣ አሮጌ ጎማ መካከል መወርወር ተለማመድኩ። ጎረቤቶቻችን በመስኮት እያዩ "ዛሬ ስንት ቶዮታ ያዝክ?" ይሉኝ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ባለው ረጅም ዊኬንድ እናቴን ከፊት አስቀምጠን ተነሣን። ኦሃዮ ገና የታረሰ መሬት ይሸት ነበር። ኢንዲያና ላይ ዝናብ ተቀበለን፤ ዊስኮንሲን ስንገባ ደግሞ ላሙ አያልቅም።

"ይህ ሁሉ ላም የማነው?" አለች እናቴ።

"የገበሬ ነው፣ እማማ" አለ ጋሽ ተፈራ።

"የስንት ገበሬ?"

"ያ ሁሉ? የአንድ።"

እስከ ሚኒሶታ ድረስ "የአንድ!" እያለች ሄደች።

አውሮፕላኗ ቢጫ ነበረች፤ በጎማ ፈንታ ጀልባ የመሰሉ ሁለት ረጃጅም እግሮች አሏት። ፓይለቱ ሬይ የሚባል ጢማም ሰው ነው። የመኪና ጎማ የሚያህለውን ድፎ ዳቦ፣ ቋንጣ ፍርፍሩን፣ የተቀቀለውን እንቁላልና የበሶውን ዕቃ አየና "የምትቆዩት አንድ ቀን ብቻ አይደለም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ስንዱ "ስሞል ላንች" አለችው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ቆይታ ውኃው ላይ ስናርፍ ገለጠችና "ደረስን? ይኸማ ከአውቶቡስ ይሻላል" አለች።

ሐይቁ ጥቁር ነበር፤ ጸጥታው ጆሮ ይጫናል። በረዶው ከላዩ የቀለጠው በቅርቡ ስለነበር ከዛፎቹ ጥላ ሥር ገና ነጭ ነጭ ይታያል። አየሩ የጥድ ሙጫ ይሸታል። እስከ እኩለ ቀን ስንወረውር ጋሽ ተፈራ ሁለት ያዘ። እኔ ምንም።

"መጽሐፍህ ምን ይላል?" አለኝ። "ገጹ ጠፋህ እንዴ?"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ትምህርት ቤት ግባ የምልህ ለዚህ ነው። ቆሞ የሚያሳይህ ሰው ያስፈልግሃል።"

እናቴ ሰማች፤ ወደ ሁለቱ ዓሦች አየች። አስተያየቷን አልወደድኩትም። ፍራንክሊንተን ከእጄ ስትወጣ ታየችኝ።

ከዚያ ምሳ ደረሰ። ሬይ አውሮፕላኗን ወደ ዳር አስጠግቶ፣ ከእግሯ የተያያዘውን ገመድ ዛፍ ላይ ሊያስር ጎንበስ ብሏል። እናቴ ድንጋይ ላይ ሸራ ዘርግታ ምግቡን አቅርባለች። እኛ ዘንድ ምግብ ቀርቦ እንግዳ ቆሞ ሲሠራ ማየት ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ከሬይ በስተቀር።

"ልጄ፣ ና! ይደርሳል!" አለችው በአማርኛ።

እሱም በእንግሊዝኛ አንድ ደቂቃ አለ። እናቴ አንድ ደቂቃ የሚባል ነገር አታውቅም። ፍርፍሩን ጠቅልላ ሄደችና ገመዱን እንደያዘ አጎረሰችው። ምን ያድርግ? አፉን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አስከተለች። ከዚያ በእጅጌው ጎተተችው። ሬይ ገመዱን ዛፉ ላይ አንዴ ጠምጥሞ፣ ሳይቋጥር፣ ተከትሏት መጣ። በርበሬው ዓይኑን አስለቅሶት እየሳቀ ይበላል፤ "በሞቴ!" ትለዋለች፤ ይጎርሳል።

ከጀርባችን ነፋሱ ዞረ።

መጀመሪያ ያየችው ስንዱ ናት። "አውሮፕላኑ ወዴት እየሄደ ነው?"

"ሰው የለበትም እኮ!" አለ ጋሽ ተፈራ፣ ይህ ነገሩን የሚያቆመው ይመስል።

ሬይ አፉ እንደሞላ ሮጠ። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ውኃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆረጠና ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። "በዚህ ውኃ የሚዋኝ ሰው መካከል ላይ ይቀራል" አለን እየተንቀጠቀጠ። ሬዲዮው አውሮፕላኗ ውስጥ ነው። ካፖርታችንም እዚያው ነው። ሐይቁን ከተሻገረች ደግሞ ማዶው ሾጣጣ ድንጋይ ነው፤ እግሯን ይቀደዋል። ፈልጎ የሚያገኘን ሰው እስኪመጣ እዚያው መቅረታችን ነበር። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከቀኛችን አንድ የድንጋይ ምላስ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ አውሮፕላኗም በዚያ ፊት ለፊት ማለፏ ነው። የማጥመጃ ዘንጌን አንሥቼ ሮጥኩ።

"አንተ ልጅ! አውሮፕላን በክር ሊጎተት ነው? አበድክ?" ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ ይጮኻል።

አልመለስኩለትም። የመጀመሪያው ውርወራ አጠረ። ሁለተኛው ክንፏን መታና ተንሸራቶ ወደቀ። ከጀርባዋ ያ ያልተቋጠረ ገመድ ውኃው ላይ እንደ እባብ ይከተላታል። ጎማዬን አሰብኩ። ሦስተኛውን ከገመዱ አሻግሬ ጣልኩና ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ። መንጠቆው ገመዱን ነከሰ።

አሁን ስሙኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጎትት ነበር፤ ክሩም ይበጠስ ነበር። መጽሐፌ ግን ትልቅ ዓሣ አይጎተትም ይላል፤ ይያዛል፣ ሲሄድ ይሰጠዋል፣ ሲደክም ይወሰዳል። የእኔ ዓሣ የሚደክመው ነፋሱ ሲደክም ነው። ክሩ እንደ ማሲንቆ ጅማት እየጮኸ ያዝኳት። ስትስብ ለቀቅሁላት፤ ነፋሱ ትንፋሽ ሲወስድ ጥቂት ወሰድኩ። ሬይ አጠገቤ ቆሞ "ቀስ፣ ቀስ" ይለኛል፤ እኔ ግን መካሪ አላስፈለገኝም። ቀስ በቀስ ጅራቷ ዞረ፤ እንደ ገራም ላም ወደ እኛ መጣች። ሬይ እስከ ወገቡ ገብቶ ገመዱን ጨበጠ።

እናቴ እልል አለች። ያ ሐይቅ እልልታ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ደጋግሞ መለሰላት።

ሬይ ገመዱን ቋጠረ፤ አሁንስ ሦስት ጊዜ ቋጠረ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ "ይህን የት ተማርክ?" አለኝ።

"ሞርስ ሮድ፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ" አልኩት።

ጋሽ ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዓሣ ግን አልያዝክም።"

"እርስዎ ክንፍ ያለው ይዘው ያውቃሉ?"

ስንዱ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ለሬይ ሌላ ጉርሻ እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"ተፈራ ልጄ፣ ይህንን ማን አስተማረው?"

"ማንም፣ እማማ።"

"እንግዲያው ማንም ያላስተማረው ይህን ካወቀ፣ አስተማሪ ቢመጣበት ይደናገራል። ተወው። ወደዚያ ወደ መካኒኩ ይሂድ።"

ጋሽ ተፈራ ራሱን ነቀነቀ። ከሁለት ዓሦቹ ትልቁን አንሥቶ ሳህኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ የእሺታ ቃሉ ያ ነበር።

ታሪኩን የሰማ ሁሉ "ዕድል ነው፤ ነፋሱ ባይደክም ኖሮስ?" ይለኛል። ይሁን። ነፋሱን እኔ አላደከምኩትም። ዕድል ግን ሦስት ጊዜ አይወረውርም፤ እጁ የለመደ ሰው ነው የሚወረውረው። ያ ቀን የሰጠኝ ነገር ክብር ብቻ አይደለም፤ በራሴ መንገድ የመሄድ ፈቃድ ነው። በፈቃዱ ምን ሠራህ ለሚለኝም መልስ አላጣም።

በዚያው ማክሰኞ ፍራንክሊንተን ሥራ ጀመርኩ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ጋራዡን ተረከብኩ። ስፓኒሽ ከደንበኞቼ ለቀምኩ፤ መጀመሪያ ስድቡን፣ በኋላ ሌላውን። ልጄ ከከተማው ወጣ ብላ ሉዊስ ሴንተር በተባለ ሰፈር ቤት ስትገዛ ምድር ቤቷን ከመብራቱ እስከ ቧንቧው ሠራሁላት፤ ሊፈትሽ የመጣው ሰውዬ የአድራሻ ካርድ ካለህ ስጠኝ አለኝ። እናቴ ኖራ እስክታልፍ ድረስ በየዓመቱ ደሴ ሄጄ ጎበኘኋት፤ የቤቷን ጣራም ራሴ ቀየርኩ። ስድሳን ካለፍኩ በኋላ ዋና ተማርኩ፣ ያለ አሠልጣኝ።

ጋሽ ተፈራንም መወርወር አስተማርኩት። ሁለት ሰመር ፈጀብኝ፤ ዲግሪው ትንሽ አዘገየው።