በካርታው ላይ የጥያቄ ምልክት የሆነው መስጊድ

አሰጋሽ የኮምፒውተር መምህርት ናት ሲባል የመካነ ሰላም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃት «ሞባይል ትጠግኛለሽ?» ብሎ ነበር። አትጠግንም። የአጅባር ከተማ ልጅ ናት፤ ደሴ ኮሌጅ ተምራ በምደባ መጣችና እትዬ ሀዲያ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። እትዬ ሀዲያ ቤታቸው ሰፊ፣ አንደበታቸው ደግሞ ከቤታቸውም የሰፋ ሴት ናቸው። ዓመት ሳይሞላ ተከራይዋን ልጅ አደረጓት። በረመዳን ማፍጠሪያው ሲደርስ ሾርባውን አብራ ትጠጣለች፤ በፋሲካ ደግሞ እሷ የደፋችውን ዳቦ አብረው ይቆርሳሉ።

ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ፈርሂያ አንድ ላፕቶፕ ልካ ነበር። የሚነካው ስላልተገኘ ለአሰጋሽ ሰጧት። «ተቀምጦ ከሚበላሽ ሥሪበት» አሏት፤ እሷም ሠራችበት።

የሠራችው ጨዋታ ነው። ሥዕል የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ የተደረደረ ፊደልና ምልክት ብቻ። @ ሰውዬው ነው፤ ደብዳቤ ተሸክሞ ከመናኸሪያ ይወርድና በቀስት ቁልፍ እየተነዳ ለየቤቱ ያደርሳል። # አጥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የመደመር ምልክት፣ መስጊዱ ጨረቃ ከነኮከቧ። ተማሪዎቿ ከተማቸውን በምልክት ተሠርታ ሲያዩ ኮምፒውተር መፍራት ይተዋሉ ብላ ነው ወር ሙሉ የደከመችበት። ለ2004 ዓ.ም. የወላጆች ቀን ሊታይ ተወሰነ። እሷም ደስታው አላስችል ብሏት፣ «እትዬ ሀዲያ፣ ከፊት ይቀመጡ፤ መስጊዱን ሳይቀር አስገብቼዋለሁ» አለቻቸው። ምነው አፏን በያዘች!

የፕሮጀክተሩ ገመድ የሚገባው በትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ጨዋታውን በፍላሽ ወስዳ ከፈተችው። አጥሩ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ መስጊዱ በነበረበት ቦታ ግን አንዲት የጥያቄ ምልክት ቆማለች።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል፤ አሮጌ ኮምፒውተር የማያውቀው ምልክት ሲመጣበት በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል። የባሰባት ሌላ ነገር ነው። የመደመር ምልክቷን ኪቦርዱ ላይ አግኝታ ነው የተጫነቻት፤ እሷን የማያውቅ ኮምፒውተር የለም። ጨረቃዋን ግን ከምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ፈልጋ አምጥታ፣ በፈርሂያ ላፕቶፕ አምራ ስለታየቻት ብቻ በዚያው ተወቻት። ሌላ ቦታ ትታይ አትታይ አልሞከረችም።

የዚያ ዓመት ነገር ደግሞ ቀላል አልነበረም። በየከተማው የሃይማኖት ወሬ ስስ ሆኖ፣ ሰው ቀልድ እንኳን መርጦ የሚቀልድበት ጊዜ ነበር። አንዲት ክርስቲያን መምህርት የራሷን ደጅ በመስቀል አሳምራ የሙስሊሙን መስጊድ ጥያቄ አደረገችው ቢባል ማን ያስተባብላል? ወሬውንስ ተወው፤ እትዬ ሀዲያ ምን ይሏታል? ከዚያ በኋላ በእሳቸው በር በየትኛው ዓይኗ ትገባለች?

ማስተካከል ጀመረች። ጨረቃ ትመስላለች ብላ የእንግሊዝኛውን ትልቁን C ሞከረች፤ ተማሪዎቹ «ቸርች» ብለው ቢያነቡትስ ብላ አጠፋችው። ቅንፍና ኮከብ አጣምራ አስገባች፤ ሁለት ቦታ ያዘና የወፍጮ ቤቱን አጥር ገፍቶ አፈረሰው። እሱንም አጠፋች። እስቲ ሁለቱንም ቤት በአንድ ምልክት ላድርጋቸው ብላ እጇን ስትዘረጋ መብራት ድርግም አለ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ የሰኔ ነገር! ላፕቶፑን ይዛ ብትመጣም ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። አዳራሹ በወላጅ ሲሞላ እሷ ጨለማ ስክሪን ፊት ተቀምጣ መብራት ትጠብቃለች።

መብራቱ የመጣው ርእሰ መምህሩ አቶ ብዙነህ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ነው። «በይ ቲቸር፣ ጀምሪ» አሏት። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ማለት ፈለገች፤ ግን አዳራሹ ሙሉ እሷን እየጠበቀ ነው። ከፈተችው።

ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አንሶላ ላይ መካነ ሰላም ወጣች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ወላጆቹ እየተጠቋቆሙ ወፍጮ ቤቱን፣ መናኸሪያውን ለዩ። ቀጥሎ ከመሃል ማጉረምረም ተነሣ፤ የጥያቄ ምልክቷን አይተዋታል።

እትዬ ሀዲያ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው የኛ መስጊድ ናት አይደል?» አሉ።

«አዎ እትዬ ሀዲያ። ኮምፒውተሩ ጨረቃዋን አላውቅም ብሎኝ ነው።»

«የናንተንስ እንዴት አወቀው?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ከተቀመጡት ውስጥ ውሸቷን የሚያውቅባት አልነበረም። «የኛን ኪቦርዱ ላይ አገኘሁት» አለች። «የእናንተን ከሌላ ቦታ ነው ያመጣሁት። እርስዎ ቤት አምሮ ስላየሁት በቃኝ፤ እዚህ ይታይ እንደሆነ አልሞከርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ ሀዲያ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተነሡና ወደ አንሶላው ሄዱ። ከካርታው ሥር፣ ከጨዋታው መውጫ እንዲሆን የተጻፈ exit የሚል ቃል ነበር። ሲያዩት ቆዩና አንዷን ፊደል በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ አናቷ ላይ ነጥብ ያላት ምንድን ናት?»

«‹አይ› የምትባል ናት። የእንግሊዝኛ ፊደል።»

«ኪቦርድሽ ላይ አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ወላሂ፣ አዛን የሚባልበትን ሚናራችንን አትመስልም?»

እውነትም ሚናራ ትመስላለች። ቀጥ ብላ የቆመች ማማ፣ ከጫፏ ላይ ጨረቃ። አንድ ቦታ ብቻ ትይዛለች፣ አጥርም አትገፋም። አሰጋሽ ምልክቷን ለወጠችና ጨዋታውን እንደገና ከፈተች። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ሚናራዋ ቆመች። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ፤ አቶ ብዙነህም ጨዋታው መጀመሩን በማይክ አበሰሩ። እትዬ ሀዲያ ግን ሳያጨበጭቡ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አሰጋሽ ክፍሌን ልቀቂ ይሉኝ ይሆን እያለች ትጨነቃለች።

«ያልተቆጣሁት እውነቱን ስለነገርሽኝ ነው» አሉ እትዬ ሀዲያ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ። «ግን ልጄ፣ ሁለት ዓመት አብረን ስንበላ አንድ ቀን እንኳ መስጊዳችሁ ምን ይመስላል ብትይኝ እነግርሽ አልነበር?»

ወደ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ በመስጊዱ በር ታልፋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀና ብላ አይታው አታውቅም ነበር።