አመለወርቅና ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

አመለወርቅ በአሜሪካ፣ በኦክላንድ ወደብ ከባድ መኪና መንዳት የጀመረች ሰሞን አንድ ዘመዷ «ሴት ልጅ ይህን የሚያህል መኪና ስትነዳ አያምርም» ቢላት፣ «የማያምረው ከፊቱ ለቆመ ሰው ነው» አለችው። መልሷ በአንድ እሑድ የከተማውን አበሻ ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ሥራሽን ተይ ብሎ ፊት ለፊት የመከራት ሰው አላውቅም።

እኔ እሷን የማውቃት ልጇ እስክንድር ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ ነው። ባሏ ጥሏት ሌላ ስቴት ሄዶ ነበር። በኋላ ሽማግሌ ልኮ ተመለሰ። የዚያን ጊዜዎቹ ሽማግሌዎች ከቤቷ ገብተው «ካልታረቅሽልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ወጣት ነበረች፤ ሽበታቸውን አይታ አፈረችና እሺ አለች። ሰውየው ዓመት ሳይሞላ እንደገና ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሷ የመኪና ፈቃዷን አውጥታ ወደብ ገባች፣ ልጇን በዚያ መኪና አሳደገች፣ አስተማረች። ዛሬ እስክንድር ከኦክላንድ አንድ ሰዓት በሚያስነዳው ሳን ሆዜ ውስጥ ትልቅ የኮምፒውተር ሥራ አለው።

ወደብ ላይ የሚነዳ ሰው ከመንዳቱ መጠበቁ ይበዛል። ለመጫንም ሰልፍ ነው፤ ለማራገፍም ሰልፍ። ሌሎቹ ሾፌሮች በሰልፉ ውስጥ ይተኛሉ፣ በስልክ ያወራሉ፣ ስለ ፖለቲካ ይጣላሉ። አመለወርቅ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ውሃውን ታያለች። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ወፍ ከሰማይ እንደተወረወረ ዕቃ ባሕሩ ላይ ወደቀ። የሞተ መሰላት። ብቅ ሲል ግን አገጩ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ዓሣ ሞልቶታል። «አቁማዳውን ሞልቶ ሄደ፤ እኔ ገና ሰልፍ ላይ ነኝ» እያለች ስትነግረኝ በሳቅ እንባዋ ይፈስ ነበር።

ወፍ ማየት የጀመረችው እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ ስማቸውን ለማወቅ ተጨንቃ አታውቅም፤ ራሷ ታወጣላቸዋለች። ያ ፔሊካን የሚሉት «ባላቁማዳ» ነው። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጥቁር ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቶ የሚቆመው «ዲያቆኑ» ነው። ጭቃው ላይ ስትሄድ ግራጫ ብቻ ሆና፣ ስትነሣ ግን በክንፏ ላይ ነጭ መስመር የምታሳየው «ባለጥለቷ» ትባላለች። ማዕበሉ ሲመለስ እየተከተሉ፣ ሲመጣ እየሸሹ በቡድን የሚሮጡት ትንንሾቹ ደግሞ «አጃቢዎቹ» ናቸው፤ ሙሽራው የጠፋባቸው አጃቢዎች። አንድ ጊዜ ወፍ የሚያጠና ነጭ ሰውዬ ትክክለኛ ስማቸውን ነግሯት ነበር። አመስግናው የራሷን ነገረችው፤ ሰውየውም ዛሬም ሲያገኛት «አጃቢ» ይላል፤ በእሱ አፍ «አዣቢ»።

ጡረታ ከወጣች በኋላ መኪናውን ተወች፤ ባሕሩን ግን አልተወችም። ከወደቡ ክሬኖች አጠገብ፣ ኮንቴይነር እንደ ጡብ በተከመረበት አካባቢ፣ ለሕዝብ የተተወ የባሕር ዳር መናፈሻ አለ። ከቤቷ ብዙ አይርቅም። ብርዱ ሲገባ፣ ከአላስካ በረዶ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች እዚያ ጭቃ ላይ ያርፋሉ። እሷም ወፍራም ጃኬቷን ደርባ፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣትና ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ማንንም አልጠራችም። በአንድ እጇ እየነዳች ሐኪም ቤት ሄደች፤ ለልጇ የደወለችው እጇ በጀሶ ከታሸገ በኋላ ነው። እስክንድር ይህን ሲሰማ አበደ።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እናቱን ይወዳል። «ጋሽ ደምሴ፣ ሩሙ ሬዲ ነው፣ የራሷ ባዝሩም አለው፤ ልጄ ሀኒም ከአያቷ ጋር ታድጋለች» አለኝ በስልክ። የኦክላንዱ ቤቷ ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ካላደሰችው ሳን ሆዜ መግባቷ ነው፤ ካደሰችው ደግሞ ሌላ ዓመት ብቻዋን ልትሆን ነው። ደጋግሞ ለመናት፣ እንቢ አለችው። እንቢታዋ ሲበዛበት በአገር ልማድ መጣባት፤ ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ነበርን። ታላቃችን ጋሽ ፍስሐ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ድልድይ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው የኦክላንዱን ቤታቸውን አስሸጣ ኮንኮርድ ከተማ ከራሷ ጋር አስገብታቸዋለች። ሁለተኛው ተስፋጽዮን ነው፤ ከዳሊ ሲቲ የሚመጣ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንስ፣ በማስታረቅ ግን የተመሰገነ የሰበካ ጉባኤ አባል። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱፋችንን ለብሰን ቤቷ ሄድን፤ አጣናት። ተስፋጽዮን ደወለላት።

«እትዬ አመለወርቅ፣ ለትልቅ ጉዳይ መጥተን ነበር።»

«ጉዳዩን አውቀዋለሁ» አለች፤ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል። «ውሃው እየሸሸ፣ ወፎቹ ጭቃው ላይ እያረፉ ነው፤ አሁን አልመጣም። ከፈለጋችሁ እናንተ ኑ።»

ተስፋጽዮን ተቆጣ። «ሽማግሌ እንዴት ባሕር ዳር ይጠራል?» አለ። ጋሽ ፍስሐ ግን «ሙሴም ተራራ ተጠርቷል፤ ንዳ» አሉት።

ስንደርስ አመለወርቅ ከውሃው ጠርዝ አጠገብ ቆማለች። የተሰበረው እጇ በሻሽ ከአንገቷ ታስሯል፤ በደህናው እጇ መነጽሩን ይዛለች። አጠገቧ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጎንበስ ብላ ሁላችንንም በአክብሮት ሳመችን።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ጋሽ ፍስሐ» አለች ወንበሩን በአገጯ እያመለከተች።

የሽማግሌ ደንብ የታወቀ ነው። የመጡበት ሳይፈጸም አይቀመጡም። የቤቱ ባለቤት አዛውንት ቆሞበት እሱ መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ በመጨረሻ እሺ ይላል። ስንት ጠብ የበረደው በዚህ ነው። ስንቱ ሰው ልቡ እንቢ እያለ አንገቱን የደፋውም በዚህ ነው።

ተስፋጽዮን ጉሮሮውን ጠራረገ። «የመጣንበትን እሺ ካላሉን፣ እትዬ፣ አንቀመጥም።»

«መልካም» አለች አመለወርቅ። «ወፍ የሚታየው ቆሞ ነው።»

መነጽሯን አንሥታ ወደ ባሕሩ ዞረች።

ተስፋጽዮን እኔን አየኝ። እኔ ጋሽ ፍስሐን አየሁ። እሳቸው ዲያቆኑን ያዩ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ፣ እንደ እኛው ቆሟል።

ነፋሱ ከውሃው ላይ እየተነሣ በሱፋችን ውስጥ ያልፋል። ከበስተኋላችን መኪኖቹ በሰልፍ ቆመው ያጉረመርማሉ፤ ክሬኖቹ ኮንቴይነር ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ። የተስፋጽዮን የእሑድ ጫማ ቀስ በቀስ ጭቃ ይጠጣል።

«እትዬ፣ ልጅ ነው የላከን» አለ። «አንድ ልጅዎ። እንቅልፍ አጥቷል።»

«ይተኛ። እኔ እተኛለሁ።»

«ወድቀዋል እኮ!»

«ወድቄ ተነሥቻለሁ። ተስፋጽዮን፣ አንተ ባለፈው በጥምቀት ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወድቀህ አልነበር? ማን ሽማግሌ ላከብህ?»

እኔ ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ተስፋጽዮን ግን አልተረታም። «ሳን ሆዜም ባሕር አለ፣ ወፍም አለ» አላት።

«ዳሊ ሲቲስ ወፍ የለም? ሂድና እዚያ ቁም።»

«አመለወርቅ» አልኳት እኔ ቀስ ብዬ፣ «አክብረን ነው የመጣነው። ቁጣ አይደለም።»

መነጽሩን አወረደች። ዓይኗ በብርድ ቀልቷል። ፊቷ ግን የዚያን ጊዜዋ፣ የመኪናው ላይ ፊቷ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔም አክብሬ ነው የምናገረው። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ቆሞብኝ እሺ ብያለሁ። ያ እሺታ ያስከፈለኝን እርስዎ ያውቃሉ። እናንተ የምትቆሙት እኔ እንድቀመጥ ነው። ሳን ሆዜ መስኮት ሥር፣ ብርድ ልብስ ተደርቦልኝ፣ ልጆቹ ከሥራ እስኪመጡ እንድቀመጥ። እነዚህን ይመልከቱ» አለችና በመነጽሯ ጫፍ አጃቢዎቹን አሳየችኝ። «በየዓመቱ ከዓለም ጫፍ በገዛ ክንፋቸው ይመጣሉ። የሚሞተው መንገድ ላይ ይሞታል። አርጅታችኋልና አትብረሩ ያላቸው የለም።»

ከዚያ ወደ ታላቃችን ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ጋሽ ፍስሐ፣ ኮንኮርድ እንዴት ነው?»

ጋሽ ፍስሐ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

በዚህ መካከል የተስፋጽዮን ስልክ ጮኸ። እስክንድር ነው። «ምን አለች? ስፒከር ላይ ያድርጉኝ፣ እኔ ላናግራት» ይላል። ተስፋጽዮን «ቆይ፣ ገና ነን፣ መልሰን ኮል እናደርግልሃለን» ብሎ ዘጋው።

ያኔ ነው አንድ ጭልፊት የመጣው። ከአንዱ ክሬን ጫፍ ተወርውሮ ወረደ። እኛ ከማየታችን በፊት አጃቢዎቹ አዩት። ጭቃውን ሞልተውት የነበሩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ ሲያዘነብሉ ነጭ፣ ሲዞሩ ጥቁር እየሆኑ እንደተራገፈ ጋቢ አየሩ ላይ ተዘረጉ። ጭልፊቱ መሀላቸው ገባ፣ ተሰነጠቁ፣ እንደገና ገጠሙ። አንዴ ከራሳችን በላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ድምፅ እንደ ዝናብ ወረደብን። ተስፋጽዮን ራሱን በእጁ ሸፈነ። ጭልፊቱ ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ባዶውን ወደ ክሬኑ ተመለሰ።

ወፎቹም ተመልሰው በዚያው ጭቃ ላይ አረፉ። ከቅድሙ ቦታቸው ፈቀቅ አላሉም። ምንም እንዳልሆነ ሰው ምግባቸውን መልቀም ጀመሩ።

«እዚያው ነው የተመለሱት» አሉ ጋሽ ፍስሐ።

«ሌላ የት ይሂዱ?» አለች አመለወርቅ። «ቤታቸው ነው።»

ጋሽ ፍስሐ ከዘራቸውን ከጭቃው ነቀሉ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ወንበር ሄዱ። የካፖርታቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። ተቀመጡ።

ተስፋጽዮን ደነገጠ። «ጋሽ ፍስሐ! ምን ማድረግዎ ነው?»

«መቀመጤ ነው።»

«ገና እሺ አላለችንም እኮ!»

«አላለችም። አትልምም።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ኮንኮርድ እንዴት ነው አለችኝ። ልጄ ደግ ናት፤ ምግቡ ደህና ነው፣ ክፍሉ ይሞቃል። መስኮቴ የሚያሳየኝ የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እዚያ የገባሁት ሽማግሌ ሳይላክብኝ፣ ልጄን ላለማስቀየም ብዬ ነው። ግድግዳውን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ይህችን ሴት እዚያ ግቢ ብዬ ቆሜ አልለምናትም። ደምሴ፣ አንተስ?»

በሽምግልና ሕግ ታላቁ ከተቀመጠ ጉዳዩ አልቋል። እንዲያውም ባያልቅ እኔ ከእሳቸው ጎን እቀመጥ ነበር። ተቀመጥኩ። እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ሱፌን ዘለቀው። ደስ አለኝ።

ተስፋጽዮን ብቻውን ቀረ። «እኔ ለልጁ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

«ቃልህን ጠብቀሃል» አለችው አመለወርቅ። «ከሁሉም በላይ የቆምከው አንተ ነህ። ና አሁን፣ ጫማህ ሳያልቅ ተቀመጥ።»

ጫማውን አየ። የተበላሸ የእሑድ ጫማ ነው። ሳቁ መጣበት፤ እየሳቀ መጥቶ በወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። ሦስታችን ተጠጋግተን፣ እንደ ክፍል ተማሪ፣ ባሕሩን አየን። እሷ መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ለጋሽ ፍስሐ ሰጠቻቸው። «ባለጥለቷን ያግኙልኝ፤ ግራጫዋን አይመኗት፣ ስትነሣ ነው የምትታወቀው» አለቻቸው። እሳቸውም መነጽሩን አስተካክለው ጭቃውን ያስሱ ጀመር።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ተስፋጽዮን ስፒከር ላይ አድርጎ ለጋሽ ፍስሐ አቀበላቸው፤ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ ተቀበሉት።

«ጋሽ ፍስሐ፣ እሺ አለች?» የእስክንድር ድምፅ ነው። «እስካሁን ቆማችኋል?»

«ተቀምጠናል፣ ልጄ።»

አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው፤ የእናቱ ልጅም ነውና ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ደስ ያለው መሰለኝ። ቀጥሎ በጋሽ ፍስሐ ድምፅ ውስጥ ሌላ ነገር ሰማ።

«እሺ ሳትል?» አለ።

«እሺ ሳትል።»

አመለወርቅ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «እስክንድር፣ ሰኞ የቤቱን ውል አድሳለሁ። እሑድ እሑድ ሀኒን ይዘሃት ና። እዚህ ነው የምጠብቃችሁ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ደህና ጫማ አድርጉ።»

ልጁ ትንፋሹን ሲያወጣ ይሰማናል። «ማሚ፣ ቢያንስ አንቺም ተቀመጪ» አለ በመጨረሻ።

ጋሽ ፍስሐ ቀና ብለው አዩዋት። ነፋሱ ሻሿን ያርገበግበዋል፤ የታሸገውን እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ወደ ውሃው ዞራለች።

«ወንበሩ ሞልቷል፣ ልጄ» አሉት። «እሷ ቆማለች።»