ብርሃን የምታዘገየው ልጄ

ባለቤቴ ከማረፏ በፊት ሦስት ቀን «ለልጄ ደውለህ አገናኘኝ» ብላ ለምናኛለች። ልጃችን ውጭ አገር ፈተና ላይ ነበረችና አልደወልኩም። ኋላ ልጄን «እናትሽ የሞተችው በድንገት ነው» ብዬ ዋሸኋት። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ዛሬ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ከሚባለው ሰፈር ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ልጄ ደወለች። ምርምሯ በትንሽ ቺፕ ላይ፣ ከፀጉር በቀጠነ መስመር ብርሃን እያሳለፉ ማዘግየት ነው።

«መስመሩን እያሞቅን በፈለግነው ልክ እናዘገየዋለን፤ የያዘው መልእክት ግን ሳይጠፋ ይደርሳል፣ አባዬ።»

ጎረቤቴ ከድር በስፒከር ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ መብራት ማዘግየትማ እዚሁ መርካቶ ትማረው ነበር!» አለ። እሷ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እኔ ያዘገየሁት የእናቷ ድምፅ መቼም አይደርሳትም።

ለልጁ አዝኖ እንዲህ ያለ ነገር የደበቀ ካለ፣ እንዴት እንደተናገረ ይጻፍልኝ።

እኔስ እዚያው ስፒከሩን አጥፍቼ፣ «ልጄ፣ እናትሽ በድንገት አልሞተችም። ሦስት ቀን ጠርታሻለች፤ የከለከልኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።