የሹፌሯ አፍንጫ

ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሯ» ነው የሚላት። በአሮጌ ሚኒባስ ዘጠኝ ተማሪዎችን ታመላልሳለች፤ ዘጠነኛዋ የገዛ ልጇ ናት። ትናንት ዳገቱ ላይ ሚኒባሷን ሳል ሳል አደረጋትና ቀጥ አለች። ወዲያው ሁለት እናቶች ደውለው፣ «ነገም ከቆመች ልጆቻችንን ለሌላ ሹፌር እንሰጣለን» አሏት፤ ቃላቸውን እንኳ አላለሳለሱትም።

ጥፋቱ የቤንዚን ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነበር። ውስጡ እንደ ጎርፍ ውሃ ደፍርሷል። የምታውቀው መካኒክ ሰሞኑን የለም፤ ጠዋት ሚኒባሷ እያሳለች ያደረሰቻቸው ልጆች ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይለቀቃሉ። ስለዚህ ግቢ ውስጥ የፊቱን ወንበር ገልብጣ፣ ከሥሩ ያለውን ሞተር ከፈተች።

የባትሪውን ገመድ ፈታች። የቤንዚኑን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጣ አሮጌውን ፊልትሮ አወጣችው፤ የቀረው ቤንዚን ጨርቋ ላይ ተንጠባጠበ። አዲሱን ፊልትሮ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቀስት ወደ ሞተሩ አዙራ አስገባች፣ ሁለቱን የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶች በካቻቢቴ አጠበቀች። ባትሪውን መልሳ ቁልፍ ስታዞር ሞተሩ ትንሽ አንገራግሮ ተነሳ።

ጣቷን በቱቦው ላይ አሳለፈች። ደረቅ ነው። ልቧ ግን አላረፈም። ካለፈው ዓመት ሕመሟ ወዲህ አፍንጫዋ አያሸትም፤ ሽቶም ቤንዚንም ለሷ አንድ ነው። ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ወተት ባረረ ቁጥር አማቷ «ልቧ መንገድ ላይ ነው» ሲሉ፣ ዋጥ ነው የምታደርገው።

አማቷ በረንዳው ላይ ናቸው። «ይቺን ቆርቆሮ ሽጫት» ያላሉበት ቀን የለም። አፍንጫቸው ግን የጎረቤት ሽንኩርት ማረሩን ከራሷ ከጎረቤቷ ቀድሞ ያውቃል።

ስምንት ተኩል ሆነ።

«እማዬ፣ እስቲ መጥተው ያሽትቱልኝ።»

«የራስሽን አፍንጫ ለማን አከራየሽው?»

«አያሸትም። ዓመት ሊሞላው ነው።»

አማቷ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ወተቱም ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው።»

«አፍስ የለሽም?»

«ብነግርዎ መኪናዋን ያስሸጡኛል ብዬ ነዋ።»

«አሁንስ አላስሸጥሽም ያለሽ ማነው?» ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡና በበሩ ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይሸታል።»

«ጨርቁ ይሆናል።» ሮጣ ወስዳ ግቢው ጥግ ጣለችው። «አሁንስ?»

«ይሸታል አልኩሽ!»

ቱቦውን ደግማ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። እኚህ ሴት እውነት ሸትቷቸው ነው ወይስ ስንት ጊዜ የጠበቁት ቀን ደረሰላቸው? ሰዓቱ ይሮጣል። ወንበሩን ለመመለስ እጇን ሰደደች። የልጇ ወንበር ነው፤ ከዚህ ሞተር አናት ላይ ነው የምትቀመጠው።

ሞተሩን አጠፋች። «የት ጋ ይብሳል?»

አማቷ አንገታቸውን አስገቡ። «ከታች። ከዚያ ቀለበት ጀርባ።»

ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ ከሥሩ አስገባች። የታችኛው ማሰሪያ ተንሸራቶ በግማሹ ቱቦውን ስቶ የፊልትሮውን ፕላስቲክ ነክሷል። ከጀርባው አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች፤ ከላይ የምትዳስስ ጣት የማትደርስባት።

 ባትሪውን እንደገና ፈታች፣ ቱቦውን እስከ ጥጉ ገፋች፣ ማሰሪያውን ቦታው መልሳ አጠበቀች። ጠራርጋ፣ በሩን ሁሉ ከፍታ አናፈሰች። ከዚያ ሞተሩን አስነሳች።

አማቷ ጎንበስ አሉ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«የለም» አሉ።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። ወንበሩን ገጥማ፣ እጇን ታጥባ ስትመለስ አማቷ እዚያው ወንበር ላይ ተሰይመዋል።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ዳገቱ ላይ ብትሸትስ ማን ሊነግርሽ ነው? ልጅቷን ጭኔ ላይ አደርጋታለሁ። ንጂ ይልቅ፣ ልጆቹ ሊወጡ ነው!»