ያለ ፍርሃት ተናገሩ ያሉን ቀን

ከመቱ የወጣሁት አንድ ምሽት፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ፣ የአባዬን ኮፍያ እስከ ዓይኔ ደፍቼ ነው። ሰው ገድዬ እንዳይመስላችሁ፣ ጥያቄ ጠይቄ ነው። አባዬ መኪናው ድረስ ሸኘኝና "አልነገርኩህም?" አለኝ።

አባዬ በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሆኖ ከወሎ ተጭኖ ኢሉባቦር የሰፈረ ሰው ነው። "ሰፋሪ" ሲባል አርጅቷል። ኦሮምኛውን እዚያው ከተወለዱት እኩል ይናገራል፣ ስብሰባ ላይ ግን በሁለቱም ቋንቋ ዝም ነው። እኔ በዚህ እንቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ለቧንቧ ውሃ የመሠረት ድንጋይ ሦስቴ ተጥሎለታል። ሹም በተቀየረ ቁጥር አዲሱ ሪባኑን ይዞ ይመጣል፣ የፊተኛውን ድንጋይ አያየውም። አንዱ ላይ ሥጋ ሻጩ ቢላዋ ይስላል። ሴቶቹ እንደሆነ ዛሬም ጀሪካን አዝለው ሶር ወንዝ ይወርዳሉ።

ለውጥ መጣ ሲባል እኔም ባጃጄን ጥሩንባ እያስጮህኩ ከተማውን ዞሬያለሁ፣ አልዋሽም። ቆይቼ ሳይ ግን፣ ድሮ በአንድ ለአምስት ማን ምን አለ እያለ ሲያስለቅም የነበረው ሰውዬ ካናቴራ ቀይሮ ስለ ለውጥ ያስተምረናል። እሱ ነው ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ "ያለ ፍርሃት ተናገሩ! ትችት ለኛ ቫይታሚን ነው" ያለው።

እኔ ጅሉ አመንኩ። ተነሳሁና "ጌታዬ፣ አራተኛ ድንጋይ ልትጥሉ ነው አሉ። ድንጋይ አይጠጣም። የውሃውን በጀት ማን በላው?" አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰብሳቢውም አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

በማግስቱ የባጃጄን ታፔላ ነጠቁኝና ቢሮ ጠሩኝ።

"ትናንት ያልከው ጥሩ ነው" አለኝ ሰውዬው፣ "ግን የራስህ ሐሳብ አይመስልም።"

"ውሃ መጠማት የማን ሐሳብ ነው?"

"አየህ! ይሄ የሰለጠነ አፍ ነው። አስረኛ ክፍል የወደቀ ልጅ እንዲህ አይናገርም።"

"የወደቅኩት አስተማሪ ጠፍቶ ነው።"

"ይሄንንም ያዙልኝ!" አለ ለፖሊሱ። እኔንም አብረው ያዙኝ።

እስር ቤት መቆየቴ አይደለም የቆጨኝ። ሻይ ቤት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ያወራሁትን መርማሪዎቹ ቃል በቃል ነገሩኝ። ሦስቱም ሊጠይቁኝ ምሳ ይዘው መጡ። የሦስቱንም አልበላሁም። ከሦስቱ ሁለቱ ንጹህ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን እስካሁን አላውቅም። መንግስት የቀማኝ ታፔላዬን ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ስፈታ አገሩ አስጠላኝ።

የኢሉባቦሯን ቡሬ አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ የኛ ብርድ እዛው ላይ ቀረ፣ ጋምቤላ ስንገባ ሸሚዜ ከገላዬ ተጣበቀ። ከዚያ ድንበር፣ ጀልባ፣ ደግሞ ጭነት መኪና። አንድ ኬላ ላይ ወታደሩ "ለምን መጣህ?" አለኝ።

"ሰላም ፍለጋ።"

"ደቡብ ሱዳን? ሰላም ፍለጋ?" ጓደኞቹን ጠርቶ ደግመህ በላቸው አለኝ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በዛች ሳቅ አለፍኩ።

ጁባ ላይ የምሰራው የውሃ ቦቴ ላይ ነው። ሳቁ፣ ይሳቅበታል። በየቤቱ እየዞርኩ ውሃ አከፋፍላለሁ። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንደ ስስ ጨርቅ ነው፣ ጠቅልዬ እውጠውና የአገሬ የኖፓ ማር ትዝ ይለኛል። የኛ ዝናብ ቀስ ብሎ ገብቶ እንደ ዘመድ ይሰነብታል፣ የዚህ እንደ ፖሊስ በር ሰብሮ ገብቶ ይወጣል።

አከራዬ የድሮ ወታደር ነው። ለምን የብዙ ወር ኪራይ አስቀድሞ እንደሚቀበል በተሰባበረ አረብኛ ጠየቅኩት።

"መንግስት ይቀየራል እየተባለ ነው" አለኝ።

"ይቀየራል ብለህ ፈርተህ ነው?"

"አንተ ሀበሻ ሞኝ ነህ እንዴ? ይቀየራል ባሉ ቁጥር አይቀየርም። በመሀል ግን ተከራይ ይጠፋል።"

የሀበሻ ኮሚኒቲም አለ እዚህ። ሊቀመንበሩ "በነፃነት ሐሳብ ስጡ" ሲል ጫማዬን አየሁ። አጠገቤ የነበረው የደምቢዶሎ ልጅም ጫማውን ያያል። እሱንም ጠረጠርኩት፣ እሱም እኔን።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ "ውጭ ሆነህ አታውራ" ትሉኛላችሁ። ውስጥ ሆኜማ አውርቼ ነበር። ሰው ቀይሩልን አላልኩም፣ የተቀየረውን ሰው ሁሉ አይተነዋል። ሹሙን እኛ እንምረጠው፣ ሲያጠፋ እኛው እናውርደው፣ የጠየቀ ሰው ጠይቆ ቤቱ ገብቶ ይደር። ይቺው ናት። ይቺ የማንም ብሔር አይደለችም፣ ለሰፋሪም ለባላገርም እኩል ናት።

እንዲህ እየፎከርኩ ሳለ ትናንት አባዬ ደወለ።

"ስብሰባ ነበር" አለኝ። "ተናገርኩ።"

"አንተ? ምን ብለህ?"

"ውሃው ይቅርብን፣ ልጄን መልሱልኝ አልኩ። ያጨበጨበ የለም። ነገ ቢሮ ና ብለውኛል።"

"አትሂድ! ወይም ሂድና ይቅርታ በላቸው። አርጅቻለሁ፣ ተሳስቼ ነው በል። አባዬ፣ በአላህ!"

"ይሄን እኔ ነበርኩ ላንተ የምለው" አለኝና ዘጋው።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አይነሳም። ከሰዓት እናቴ ጋ ደወልኩ። እማዬ ስልክ ስታነሳ "አንተ ምናምንቴ፣ በላህ?" ነው የምትለው፣ ስትወደኝ በስድብ ነው። ዛሬ "ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው" አለችኝ።

"አባዬ ተመለሰ?"

"ሰላም ነው፣ ደህና ነው።"

ያለፈው ሳምንት ዝናብ ጠፍቶ በቆሎው ደረቀ ብላ ስታለቅስብኝ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እማዬ፣ አጠገብሽ ሰው አለ እንዴ?" አልኳት።

"አዎ ልጄ" አለች፣ "ዝናቡ ዘንድሮ በጣም ጥሩ ነው።"